የሟች አባት ወንበር

የፖለቲካ ቤተሰብ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ዙፋን ነው። አባት ይሞታል፣ ልጅ ይቀመጣል። የአየርላንዶቹ ሌኒሃኖች ግን ነገሩን ከመነሻው ገለበጡት። ልጁ ብራያን በፈረንጆቹ 1961 ፓርላማ ገባ፤ አባቱ ፓትሪክ ደግሞ ልጁን ተከትሎ በ1965! ከዚያ የፓትሪክ ልጅ ሜሪ ኦሩርክ መጣች፣ ሚኒስትርም ሆነች። ቀጥሎ የብራያን ሁለት ልጆች፣ ብራያንና ኮነር። አዎ፣ ልጁም ብራያን ነው። እንደኛ አጠራር ቢሆን "ብራያን ብራያን" ተብሎ ሌኒሃን የሚለው ስም ከድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ በጠፋ ነበር። እነሱ ዘንድ ግን ድምፅ የሚስበው ያ ስም ነው።

በ1990 የሆነውን እዩ። አባትየው ብራያን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ያለቀለት ጉዳይ ይመስል ነበር። ከ8 ዓመት በፊት ፓርላማው እንዳይበተን ፕሬዚዳንቱ ጋ ደውለሃል ወይ ሲባል በቴሌቪዥን ካደ። ለካ ለአንድ ተማሪ "ደውያለሁ" ብሎ ድምፁ በካሴት ተቀድቶ ኖሯል። ካሴቱ ሲወጣ ካሜራውን ትክ ብሎ እያየ፣ ረጋ ብዬ ሳስታውሰው አልደወልኩም አለ። የድሮ ወዳጁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆሂ ከምክትልነቱ አባረረው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ቆጠራ ከመቶ 44 አግኝቶ ሁሉንም መራ፤ ተፎካካሪው ሜሪ ሮቢንሰን የበለጠችው የተሰናበተው ሦስተኛ እጩ መራጮች በሁለተኛ ምርጫነት የጻፉት ሲደመር ነው። በሁለት ምላስ ተይዞ እንኳ 44!

በ1995 ሞተ። በማሟያ ምርጫው ልጁ ብራያን ቀርቦ ወንበሩን ወሰደ። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው፣ ግን የምወቅሰው ሌኒሃኖችን ሳይሆን ለቅሶ መድረስና ድምፅ መስጠት የተምታታበትን መራጭ ነው። ልጁ ጎበዝ ጠበቃ ነበር፣ ምናልባት በራሱም ያሸንፍ ይሆናል። ግን በምን ይታወቃል?

በ2008 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ መንግሥት ለባንኮቹ ዕዳ ዋስ ገባ፣ ዕዳው ሕዝቡ ጫንቃ ላይ አረፈ። እሱ ካንሰር ይዞትም ሥራውን አልተወም። በ2011 ምርጫ ፓርቲያቸው ፊያና ፎል ከ77 ወንበር ወደ 20 ወረደ፣ አክስቱም ወንድሙም ወደቁ። ከመላው ደብሊን ከፓርቲው የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።

ሰኔ ላይ በ52 ዓመቱ አረፈ። ጥቅምት ላይ በተካሄደው ማሟያ ምርጫ ወንበሩን የሌበር ፓርቲ እጩ ወሰደው።