የኦሃዮ ጾመኞች

ስራ ቦታ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ ፎርክሊፍት ነው የሚነዳው፣ ካቶሊክ ነው። በ2024 የነሱ ፋሲካ ማርች 31፣ የኛ ደግሞ ሜይ 5 ስለነበር ሰውዬው ፈስኮ የሃም፣ ማለትም የአሳማ ስጋ፣ ሳንድዊቹን ሲገምጥ እኔ ገና ሽሮዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ የምሳ ክፍሉን አፍንጫ አስቀይም ነበር። "አሁንም አልጨረስክም?" ይለኛል በሳምንት ሶስቴ፣ ፍርዱ እንደተራዘመበት እስረኛ ነበር የሚያዝንልኝ። በ2025 ግን የሁለታችንም ፋሲካ ኤፕሪል 20 ላይ ገጠመና የልብ ወዳጅ ሆንን። "አንተም ጾመኛ እኔም ጾመኛ፣ አርብ ቤተክርስቲያናችን ና፣ ፊሽ ፍራይ አለ" አለኝ።

ፊሽ ፍራይ ለማታውቁ፣ እዚህ ኦሃዮና ፒትስበርግ አካባቢ አብይ ጾም ሲገባ አርብ አርብ ማታ የቤተክርስቲያን ምድር ቤት፣ የትምህርት ቤት ጂም፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ጣቢያ፣ ወላ የጡረተኛ ወታደር ክበብ ሳይቀር አሳ መጥበሻ ይሆናል። ፒትስበርጎች እንደውም የት የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አላቸው፣ ጾመኛው ጂፒኤስ ከፍቶ ነው የሚጾመው። ሚልዋኪ ደግሞ ጾምም አይጠብቁ፣ አመቱን ሙሉ አርብ ከሆነ አሳ ነው።

በዛ ሰሞን እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ነበረች፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት በረዶ እያየች "ይሄ አገር ሰው የለውም?" ትላለች። አርብ ቤተክርስቲያን ልውሰድሽ፣ የጾም ማዕድ አላቸው ስላት ፊቷ በራ። ስንት ሰአት ነው አለች፣ አስር ሰአት ተኩል ይጀምራል አልኳት። "ከዘጠኝ ሰአት በኋላ? ጎሽ፣ ስርአት አላቸው" ብላ ነጠላዋን ተኩሳ ጠበቀችኝ።

ስንደርስ መኪና ማቆሚያው ሞልቶ ሰልፉ ውጪ ድረስ ወጥቷል። ቤተክርስቲያን ነው ብያታለሁና እማዬ የጂሙን በር ሶስቴ ሳመችው። ከበሩ በላይ ኤግዚት የሚል ቀይ መብራት ነው ያለው። ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ረጃጅም ጠረጴዛ ተደርድሯል፣ ልጆች ትሪ ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሎች ሽርጥ ታጥቀው ይጠብሳሉ፣ ቢራ በጆግ ይዞራል። ሽርጡ ላይ ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ ይላል፣ እኔ ኮሎምበስ ከተማ ስንት አመት ስኖር የከተማችን እድር መስሎኝ ኖሯል፣ ለካ በ1882 ኮነቲከት ውስጥ የተመሰረተ የካቶሊክ ወንዶች ማህበር ነው። ግን እድር ብዬ ብዙም አልተሳሳትኩም፣ ድንኳን የሚጋራ አይነት ፊት አላቸው።

ገንዘብ የሚቀበሉት ሴትዮ ለራፍል ትኬት አንድ ዶላር ሲሉን እማዬ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠች፣ ቁጥር ያላት ቀይ ቁራጭ ወረቀት ቀደው ሰጧት። ደስታዋን ብታዩ። "አየህ፣ አንዲት ብር ሰጥቼ ደረሰኝ ቆረጡልኝ፣ የኛዎቹ ለአንድ ሚሊዮን እንኳን አይቆርጡም" አለችና ወረቀቷን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት። ሎተሪ ነው ልላት ነበር፣ ግን እንዲህ ደስ ብሏት ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ከዛ ወደ ምግቡ ደረስንና ምርመራው ተጀመረ። አሳውን እሷ በሁዳዴ አትነካም፣ እሱ ያለቀለት ነው። ሊጡስ ምንድነው አለች። ጠየኩላት፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቢራ። "ቢራ?" አለች፣ ከእንቁላሉ ይልቅ ቢራው መሰለኝ የደነቃት። ይሄ ቢጫውስ? ማክ ኤንድ ቺዝ፣ አይብ። ጎመኑስ? ኮልስሎው፣ ማዮኔዝ፣ እንቁላል። ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል። ድንቹ ደህና ነበር፣ ግን ከአሳው ጋር አንድ ዘይት ውስጥ ሲዋኝ በአይኗ አይታዋለች። መጨረሻ ላይ የህጻን ምግብ የሚመስል የተፈጨ ፖም፣ አፕል ሶስ የሚሉት፣ አገኘንላትና ሶስት ኩባያ ደርድራ ተቀመጠች። "እነዚህ ሰዎች የሚጾሙት ምኑን ነው?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምጽ፣ እንዳይሰሟት፣ በአማርኛ።

ህጉን አስረዳኋት፣ ካቶሊኮቹ ከ14 አመት ጀምሮ በአብይ ጾም አርብ አርብ ስጋ አይበሉም፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ ግን አልተከለከለም፣ ስለዚህ ሰዎቹ በህጋቸው ምንም አላጠፉም። ይሄን ስላት ወጌን እዚህ ማቆም ነበረብኝ፣ ግን አፌ አያርፍም፣ እንደውም ዲትሮይት አካባቢ ማስክራት የምትባል ወንዝ ዳር የምትኖር አይጥ መሳይ እንስሳ በጾም አርብ የመብላት የቆየ ልማድ አለ፣ በ2010 ደግሞ የኒው ኦርሊየንሱ ሊቀ ጳጳስ አዞ ከአሳ ወገን ነው ብለው ፈቅደዋል አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አዞ?"

"አዞ።"

"አዞ ውሃ ውስጥ ስለዋለ አሳ ከሆነማ በሬም ለመጠጣት ይወርዳል።"

እኔስ? እንግዲህ እውነቱን ልናገር፣ እሷ ይሄን ሁሉ ስትመረምር እኔ ከዳቦው በሁለቱም በኩል የወጣ ኮድ የሚሉት አሳ ቁራጭ ጨርሼ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። አሳ እኮ አከራካሪ ነው! ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይበላል አይበላም እየተባለ ክርክር ይነሳል፣ ሁለቱም ወገን ፍትሐ ነገሥት ይጠቅሳል፣ እኔ ክርክሩ እስኪያልቅ እየበላሁ ነው የምጠብቀው። የሊጡ እንቁላልስ ካላችሁኝ፣ እሱ አያከራክርም፣ ስለዚህ አላነሳውም። እማዬ ሳህኔን አየች፣ እኔን አየች፣ "ሀዋሳ ብትሄድ አሞራ ገደል ጥሬውን ትበላ ነበር አንተ" አለችና ወደ ፖሟ ተመለሰች።

በነገራችን ላይ ሆድ ጾምን እንደሚያሸንፍ ማክዶናልድስም ከገባው ቆይቷል። ከኛ ሁለት ሰአት በማትሞላው ሲንሲናቲ ሉ ግሮን የሚባል ሰውዬ የማክዶናልድስ ቅርንጫፍ ነበረው፣ የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ካቶሊክ ስለሆነ አርብ አርብ በርገር የሚገዛው አጣና የአሳ ሳንድዊች ልሽጥ ብሎ ጠየቀ፣ አለቃው ሬይ ክሮክ ደግሞ የለም፣ እኔ አናናስ በዳቦ አስቤያለሁ አለ። በ1962 ስቅለት አርብ ሁለቱንም አውጥተው አወዳደሩ፣ አሳው 350 ሲሸጥ አናናሱ 6 ተሸጠ ይባላል። አናናሱን የገዙት 6 ሰዎች እነማን እንደሆኑ እስከዛሬ ይከነክነኛል፣ በዛን ቀን ኦሃዮ ውስጥ ከልባቸው የጾሙት እነሱ ብቻ ነበሩ፣ እሱም ላዩ ላይ አይብ ባይኖረው።

ደግሞ ፈረንጁን ሳማ የኛን እንዳትረሱብኝ። የጾም ፒዛ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ክትፎ እንጉዳይ ተከትፎ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት። በሁዳዴ ሀበሻ ሬስቶራንት ገብተህ አንድ በየአይነቱ ብታዝ ሶስት ሰው ይመጣል ለማንሳት። አክስቴ "ዘንድሮ ጾሙ ከበደኝ" ስትል ኪሎዋን ማለቷ ነው።

ለማንኛውም በሽታው ያዘኝ። በሚቀጥለው አርብ እሳት አደጋ ጣቢያ ሄድኩ፣ ሊጡ ይበልጣል ግን ታርታር ሶሱ ውሃ ነው። በሶስተኛው ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሰላሳ ማይል ነድቼ በቆሎ እርሻ መሀል ያለች ትንሽ ደብር ተገኘሁ። ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንድ የማውቀው ጀርባ አለ። ዞር ሲል እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያናችን ውስጥ "ጾሙን በአግባቡ" እያለ ማስታወቂያ የሚያነብልን ወንድማችን ነው። ተያየን። "ለልጆቹ ነው" አለኝ። ልጆች የሉትም። እኔም "ለጎረቤቴ ልወስድላት ነው፣ አሮጊት ናት" አልኩት። ሁለታችንም ሳጥናችንን ይዘን በየመኪናችን ሄድን፣ ማርሽ ሳላስገባ ነው የከፈትኩት፣ በመስታወት ሳየው የሱም ጉንጭ ይንቀሳቀሳል። ከዛ ወዲህ በጣም ነው የምንከባበረው።

እማዬ ግን የመጀመሪያዋን ደብር ወዳታለች። ለአሳው አይደለም፣ ለደረሰኙ ነው። አርብ በመጣ ቁጥር "እንሂድ፣ የሰዎቹን ጂም እንሳለም" ትላለች፣ ብሯን ትሰጣለች፣ ቀይ ወረቀቷን ትቋጥራለች፣ ሶስት ኩባያ ፖሟን ትበላለች። ጠባሾቹም ለምደዋት "ማማ" ይሏታል፣ ፎርክሊፍት ነጂው እንደውም ወንበር ይስብላታል።

ከሆሳዕና በፊት ባለው አርብ ሰውዬው ማይክ ይዞ ጂሙ መሀል ቆመና ቁጥር መጥራት ጀመረ። ዝም። ደግሞ ጠራ። አሁንም ዝም። እኔ ስልኬ ላይ ነኝ። እማዬ ሰው ሁሉ ወረቀት እንደያዘ አይታ መቀነቷን ፈታችና የአምስት ሳምንት ደረሰኟን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፣ ኦዲተር የመጣ መስሏት ነው። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ፣ አየው፣ እጇን ይዞ ወደ ላይ አወጣው፣ ጂሙ በጭብጨባ ተናጋ። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ለህዝቡ እጅ ነሳች።

ከኩሽና ሁለት ልጆች በወርቃማ ፎይል የተጠቀለለ፣ ሪባን የታሰረበት፣ የህጻን ልጅ የሚያክል ነገር አመጡ። የፋሲካ ሃም ነው፣ ከነአጥንቱ። እማዬ በሁለት እጇ ተቀበለችና ከቤተክርስቲያን የተሰጠ ነውና ግንባሯን አስነካችው፣ አገላብጣ ሳመችው፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ እኔ ዞረች።

"ይከብዳል ልጄ፣ ጧፍ ነው እንዴ?"

መኪናውን ላሙቅ ብያት ወጣሁ።