ከሙያው መራቅ የለበትም
ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ያለው «የግራፊክስ ባለሙያ የትርፍ ጊዜ ሥራው ከሙያው የራቀ ይሁን» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። እኔ ቀኑን ሙሉ ቢዝነስ ካርድና ባነር ስሠራ ውዬ ቤቴ የምይዘው ያንኑ ፊደል ነው፤ ልዩነቱ የብራና ጸሐፊዎች በሚጠቀሙበት ዓይነት የመቃ ብዕር መሆኑ። ቢሮ «ሎጎውን ትንሽ ተለቅ አድርጊው» የሚል ደንበኛ አለ፣ ቤት ማንም የለም። እንዲያውም ስክሪን ላይ ሳላስተውለው የኖርኩትን ያየሁት በእጄ ስጽፍ ነው፦ ሸ ማለት ሰ ላይ ሰረዝ፣ ኘ ማለት ነ ላይ ሰረዝ ነው፤ ወፍራም ፎንት አሳንሰን ካርድ ላይ ስናስገባው ያ ሰረዝ ከታችኛው አካል ጋር ይጣበቅና ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። አሁን ወደ ማተሚያ ከመላኬ በፊት መጀመሪያ የማየው እነዚህን ፊደላት ነው። ከጽሑፉ ሥር በሰጡት አስተያየት «ለዚህ የሚሆን ሰዓት ከየት ይመጣል?» ላሉት፦ እውነትዎን ነው፣ «በየቀኑ አንድ ሰዓት» የሚለው የጽሑፉ ምክር ለእኔም አልሠራም። ለታክሲ ተሰልፌ ቤት ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። የምጽፈው እሑድ ጠዋት፣ ቡናው እስኪፈላ ነው፤ ለአዲስ ዓመት የካላንደር ሥራ ሲያጣድፈን ደግሞ እሱም ይቀራል፣ ብዕሩ ይደርቃል። የተሳሳትኩት አንዴ ነው፦ የሠርግ ጥሪ በክፍያ ልጽፍ ተስማማሁና 200 ስም አራት እሑድ በላብኝ፣ መቃውን ማየት ሁሉ አስጠላኝ። ከዚያ ወዲህ ለሰው የምጽፈው በስጦታ ብቻ ነው።