ኦንላይን ሞልቶ «አትመህ አምጣ»

ቅጹን በኢንተርኔት ሞልቶ፣ ሰነዱን ስካን አድርጎ የላከ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «አትመህ፣ ሁለት ኮፒ አድርገህ፣ ማኅተም አስመትተህ አምጣ» ሲባል ማየት ያንገበግባል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና መዝገብ ላይ ትጽፈዋለች። ሲስተሙ ተገዝቷል፣ ተመርቋል፤ ለባለጉዳዩ ግን ምልልሱ በአንድ ጨመረበት እንጂ አልቀነሰለትም።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የሚባል መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ያመጣው ትልቁ ነገር ቅደም ተከተል ነው። ኮድ ከመጻፉ በፊት «ዲስከቨሪ» የሚሉት ምዕራፍ አለ። እዚያ ላይ ሶፍትዌር አይመረጥም። ሰው ለምን እንደሚመጣ፣ ፋይሉ በስንት እጅ እንደሚያልፍ፣ የትኛውን ፊርማ ሕግ እንደሚጠይቀው፣ የትኛው ደግሞ ልማድ ብቻ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ አልፋ (ሐሳቡን በናሙና መሞከር)፣ ቤታ (በእውነተኛ ተጠቃሚዎች መሞከር)፣ ላይቭ (ሙሉ አገልግሎት) ይከተላል። በየመሃሉ ከፕሮጀክቱ ውጭ የሆኑ ገምጋሚዎች ባለ 14 ነጥብ መስፈርት ይዘው ይመጣሉ። ፈረንጅ አይሳሳትም ማለት አይደለም፤ «ቬሪፋይ» የተባለው የማንነት ማረጋገጫቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሮ በ2023 ተዘግቷል።

እኛ ጋ ሕግ አለ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። «አትመህ አምጣ» የሚያሰኘው የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ ነው፤ ዛሬም ክብ ማኅተም ይላል። ሠራተኛዋ ያለ ማኅተም ብትቀበል ኦዲተር ይጠይቃታል፣ ስለዚህ አይፈረድባትም። መመሪያው ሳይከለስ ጨረታ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው። ለክለሳው ደግሞ «ይህ እርምጃ ይቅር» ብሎ የሚፈርም አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴ ይህን አያደርግም።

ማንም የማያስብበት ትልቁ ራስ ምታት የድሮው መዝገብ ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ኃ፣ ሃ፣ ሀ፣ ሐ ወይም ኀ ሊሆን ይችላል፤ «ሥ»ው በ«ስ» ይጻፋል፤ ሁለቱ ቃላት ይገጠማሉ ወይም ይነጠላሉ። ቢያንስ 20 አጻጻፍ ማለት ነው፣ ለኮምፒውተሩም 20 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ለወደፊቱ ያቃልላል፤ አሮጌው ፋይል ላይ ግን ቁጥሩ ስለሌለ ማዛመጃው ስም ብቻ ነው። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሁለተኛ ዓምድ መክፈት ነው፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጥ። ቀንም እንዲሁ ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመቀየር ዝም ብሎ 8 ዓመት የሚደምር ሲስተም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ የተወለደውን ሁሉ ያሳስታል፤ እዚያ ልዩነቱ 7 ነው። 12 ወር ብቻ የሚቀበል ቅጽ ደግሞ የጳጉሜን ልጅን ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ይመዘግበዋል፤ በኋላ ካርዱና ፓስፖርቱ አልገጥም ሲሉ የሚንከራተተው እሱ ነው። መረጃው ከመገልበጡ በፊት 500 ፋይል ወስዶ ሁለት ጸሐፊዎች ለየብቻ እንዲያስገቡት ማድረግና ልዩነቱን ማየት ብዙ ጉድ ያወጣል።

በጀቱም ሰኔ 30 እንዳይመለስ ተብሎ ኮምፒውተር ላይ ያልቃል። ውሉ ላይ የጥገና መስመር፣ የሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ኮድ) እና የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ርክክብ ካልተጻፈ ተቋራጩ በሄደ ማግስት አንድ የቅጽ ጥያቄ እንኳ መቀየር አይቻልም።

ሪፖርቱም «ስንት አገልግሎት ኦንላይን ገባ» የሚለውን መቁጠር ያቁም። አንድ ወረዳ ተመርጦ፣ ኦንላይን ሞልቶ «አትመህ አምጣ» የተባለው ባለጉዳይ በቀን ስንት እንደሆነ መስኮቱ ላይ ይቆጠር፤ ቁጥሩ ዜሮ ሳይደርስ ወደ ሁለተኛው ወረዳ አይታለፍ።