ማስተካከያ፦ መርፌዋን አላቋረጠችም

ባለፈው ሳምንት ስለ አንዲት የባሕር ዳር ወጣት ሯጭ ጽፌ ነበር። «መድኃኒቷን ትታ በጠበል ዳነች» ብዬ። ተሳስቻለሁ። እሷንም ቤተሰቧንም ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጠበል መጠመቋ እውነት ነው። ጾሟንም ጸሎቷንም አላጓደለችም። መርፌዋን ግን አንድም ጊዜ አልዘለለችም። ደውለው ያረሙኝ እናቷ ናቸው።

«ዳነች» ማለቴም ልክ አልነበረም። ሕመሟ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ነው። ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የራሱን የልብ ቫልቭም (በልብ ውስጥ ደም የሚያልፍበትን በር) ይጎዳል። የተጎዳውን ቫልቭ መርፌው አይጠግነውም። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወሰደው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳያገረሽና ጉዳቱ እንዳይብስ ይከላከላል። ለዓመታት ይቀጥላል። የኔን ጽሑፍ አምኖ ያቋረጠ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

«ወደ ውድድር ተመልሳለች» ያልኩትም ስህተት ነው። ሐኪሟ ለጊዜው ሩጫ ከልክሏታል። ለሯጭ ይሄን መቀበል ቀላል አይደለም፤ እሷ ግን ሜዳውን አልሸሸችም። ማለዳ ማለዳ ጣና ዳር ቀስ ብላ ትራመዳለች። ጓደኞቿ ሲሮጡ ሰዓት የምትይዝላቸውም እሷ ናት።