ድሬዎች፣ የእጥበት ክፍሉን ደህና ውሃ ከቆሻሻው ጋር አትድፉት

የድሬዳዋን ሰው ስለ ውሃ መምከር ማንም ባላስፈለገው ነበር። ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ ያደገ፣ ቧንቧው ሲመጣ በሌሊት ተነስቶ በርሜል የሚሞላ ሕዝብ ነው። ሐረሮች ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆባቸው ከእኛ ቆላ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ እየተገፋ ሲሄድላቸውም አይቷል። ይኸው ሕዝብ የኩላሊት እጥበት ክፍል ጓሮ ሲደርስ ግን ቀን ሙሉ ወደ ፍሳሽ የሚወርደውን ውሃ «የበሽተኛ ነው» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። የጤና ተቋም ባለቤቶች፣ ጥገና ሠራተኞች፣ እናንተም አስታማሚዎች፣ አጉል መጸየፋችሁን ተዉ፤ ከዚያ ውሃ ግማሽ ያህሉ የበሽተኛ አይደለም።

ከእጥበት ክፍል ሁለት ዓይነት ውሃ ይወጣል። የከተማው ውሃ ማሽኖቹ ጋ ከመድረሱ በፊት በደለል ማጣሪያ፣ በማለስለሻና በካርቦን ያልፍና በከፍተኛ ግፊት ወደ ሜምብሬን፣ ማለትም ጨው ወደሚያስቀረው ስስ ማጣሪያ፣ ይገባል። የጠራው አልፎ ወደ ማሽኖቹ ይሄዳል፤ ጨውና ማዕድኑን የተሸከመው ቀሪ በሌላ ቱቦ ይወጣል። ይህ ቀሪ የሰው ገላ ያልነካ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከታካሚው ደም ዩሪያና ፖታሲየም ተቀብሎ ከማሽኑ የሚወጣው ነው። በእሱ ቀልድ የለም፣ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። ጥፋታችሁ ሁለቱን በአንድ ቱቦ መልቀቃችሁ ነው፤ አንዴ ከተደባለቁ ሁለቱም ቆሻሻ ናቸው።

ሂሳቡን እናስላው። አንድ ማሽን በተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ይወስዳል፤ በ4 ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ማለት ነው። ሜምብሬኑ የገባውን ግማሹን የሚያሳልፍ ከሆነ ሌላ 120 ሊትር ይጣላል። 10 ማሽን በቀን ሁለት ዙር ቢሠራ 2,400 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 120 ጄሪካን በየቀኑ ይፈሳል። በአውስትራሊያዋ ጂሎንግ የኩላሊት ሐኪሙ ጆን አጋርና ባልደረቦቹ ይህንኑ ውሃ ለሽንት ቤትና ለአትክልት አውለው እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራቸውን አሳትመዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም።

ይሁንና ይህን የሰሙ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ጓሮ አትክልት ነው፤ ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ፤ ካልሲየም ነው። ማለስለሻው ያንን ካልሲየም ይይዝና በምትኩ ሶዲየም ይለቃል። ስለዚህ ቀሪው ውሃ ሶዲየም የበዛበት ነው። ሸክላነት ባለው አፈር ላይ ሲደጋገም አፈሩ ይታፈናል፣ ላዩ ይጋገራል፣ ውሃ ማስረግ ያቆማል። ዛፉ ሲጠወልግ «ውሃ አነሰው» ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ይብስበታል።

ከልብስ ማጠቢያ ጀምሩ። ውሃው ለስላሳ በመሆኑ ሳሙና ቶሎ ይደፍቃል፣ አንሶላውም በትንሽ ዱቄት ይጸዳል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ በተራ ውሃ ይለቅለቅ። ቀጥሎ ሽንት ቤትና ወለል። ከዚያ የተረፈው ለተክል ይሁን፣ ግን ተለክቶ። የጨው መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት። ንባቡ በሴንቲ ሜትር ከ700 ማይክሮ ሲመንስ በታች ከሆነ በጨው ብዛት አትስጉ፤ ከ700 እስከ 3,000 በጥንቃቄ፤ ከ3,000 በላይ ለአብዛኛው ተክል ተዉት። የከተማው ውሃ 1,000 ቢያነብ፣ ግማሹ ሲጣል ቀሪው ወደ 2,000 ይጠጋል፤ ሩቡ ብቻ እንዲጣል ሜምብሬኑን ብታጠብቁት ወደ 4,000። ቴምር ይችለዋል። ብርቱካን፣ ማንጎና ባቄላ አይችሉትም። አፈሩ ላይ ጂፕሰም መበተን ሶዲየሙን ያስለቅቃል፤ ጨውን ግን አያጠፋም።

ዝርጋታው ላይ አትቸኩሉ። የቀሪው ውሃ ቱቦ በራሱ ቁልቁለት ወደ ዝቅተኛ ሮቶ ይውረድ፣ ጫፉም ከውሃው ወለል በላይ በአየር ላይ ይንጠባጠብ እንጂ ውስጡ አይጠመቅ። በቀጥታ ሰገነት ላይ ወዳለ ታንከር አትግፉት፣ መዝጊያም አታብጁበት፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የሜምብሬኑ ሥራ ይዛባል፣ ጉዳቱም ታካሚው ላይ ያርፋል። ወደ ላይ የሚያወጣው ፓምፕ ከሮቶው በኋላ ይግባ። ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረቱን ጨው ይበላዋል። ማለስለሻው በጨው ሲታጠብና መስመሩ በኬሚካል ሲመከን ውሃው ወደ ፍሳሽ እንዲዞር ባለ ሦስት መንገድ መዝጊያ ይደረግ፤ የኬሚካል መፈተሻ ወረቀቱ ባዶ እስኪያሳይ ድረስ አይመለስ።

ካርቦኑ ክሎሪኑን ስላወጣው ይህ ውሃ ሲቀመጥ ጠባቂ የለውም። በእኛ ሙቀት ክዳን የሌለው ሮቶ የትንኝ ማርቢያ ነው። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች፤ በ2022 ደግሞ በውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ወባ አስነስቶባታል። ክዳኑ ይግጠም፣ መተንፈሻውና ትርፍ መውጫው ደቃቅ ወንፊት ይልበሱ፣ ውሃው በሁለት ቀን ውስጥ ተሠርቶበት ይለቅ።

በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይ «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይለጠፍ፤ መስመሩም ከመጠጥ ውሃው በቀለም ይለይ። ጎረቤት ጄሪካን ይዞ ቢመጣ አዝናችሁ አትቅዱለት። ለወለል ብሎ የወሰደው ማታ ሻይ ይፈላበታል።