ጆይስቲኩ ነው እንጂ እኔማ…

እኛ ሰፈር ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚሸነፈው ጆይስቲኩ ነው። አንዱ «አናሎጉ ራሱ ይሄዳል» ይላል። ሌላው «ኤክሷ አትሰራም» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ጆይስቲኩን ገልብጦ ሆዱን ያያል፤ በሽታው እዚያ የተጻፈ ይመስል። የቤቱ ሕግ ግን አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። ጆይስቲክ ደግሞ ኪስ የለውም።

እኔን የሚገርፈኝ ማሙሽ ነው። ገና ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቴከን የሚባለው የድብድብ ጌም ላይ አንጀት የሚባል አልፈጠረበትም፤ አስተዳደጉ ግን የተመሰገነ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይልና በእርግጫ አየር ላይ ያነሳኛል። መሬት ሳልነካ አምስቴ ይደግመኛል። እርስዎ እየተባለ የሚደበደብ ሰው ከእኔ ሌላ አላየሁም።

አንድ ማታ ዩቲዩብ ላይ ጃፓኖቹንና ኮሪያውያኑን አየኋቸው። ጭናቸው ላይ ሳጥን አስቀምጠዋል። በግራ እጃቸው ዘንግ ጨብጠው በቀኝ እጃቸው በተን ያንኳኳሉ። የድሮው የአርኬድ ማሽን አያያዝ ነው። ሌላው የድብድብ ጌም፣ ስትሪት ፋይተር 2፣ በ1991 ሲወጣ ሳንቲም በሚጎርሰው ማሽን ላይ የተጫወቱት እንዲህ ነበር። በቃ፣ የጎደለኝ ይሄ ነው አልኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ሳጥኑ ስቲክ ይባላል። ደህና የሚባለው 200 ዶላርም፣ ከዚያ በላይም ይጠየቅበታል። ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። «60 ዶላር የምትሆን ርካሽ አለች» አለኝ። ርካሽ የምትለው ቃል የምታምረው እዚያ ማዶ ሲሏት ነው። በብር ስመታት ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ የሻንጣ ድርድር መጣ። ይዛልኝ የምትመጣው ዘመዳችን 23 ኪሎዋን በግራም ሸንሽና ጨርሳለች። «ለመሆኑ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። «ለሥራ ነው» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስቲኳ ደረሰች። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ሊስትሮ ልትጀምር ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቁርጥ የሊስትሮ ሳጥን። ዘንጓ ጫፍ ላይ ያለችው ድቡልቡል ደግሞ የላዳ ማርሽ።

ሐቁን ልናገር፣ ጥሩ ነገር አላት። ዘንጓ ሥር አራት ትንንሽ ስዊቾች አሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ ስትገፋት አንዱን ትነካለች፤ ወደ ጥግ ስትገፋት ሁለቱን አንድ ላይ። ዘንጓን ዙሪያዋን የሚያቆማት ማገጃ አራት ማዕዘን ስለሆነ ጥጉን እጅህ ራሱ ያገኘዋል። ስትሪት ፋይተር ላይ እሳት ለመወርወር ታች፣ የታችና የፊት ጥግ፣ ፊት፣ ከዚያ ቡጢ ነው። በጆይስቲክ ስሞክረው አውራ ጣቴ እየተላጠ ከአምስት ሁለቱ ቢሳካልኝ ነው። በእሷ ግን በሁለተኛው ሳምንት እሳቱ እንደ ክብሪት ይጫር ጀመር። ብቻዬን ስሆን ነው ታዲያ።

ጣጣዋ የሚመጣው ሰው ፊት ነው። ሻንጣ ውስጥ የተመረቀችበት ቅለቷ ጭን ላይ እርግማን ሆነ። ኪሎ ተኩል አትሞላም። ቴከን ላይ ለመከላከል ዘንጓን ወደኋላ መሳብ ነው። ማሙሽ ሲያጣድፈኝ እስባለሁ፤ ሳጥኗም አብራ ትመጣለች። ከሥሯ የተለጠፉት ጎማዎች ጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ ሱሪ ላይ አይይዙም። አንድ ቀን ማሙሽ በስክሪኑ ሆዴን መታኝ፤ እሷ ደግሞ በውጭ።

በተኖቿ ስምንት ናቸው። ቴከን የሚፈልገው አራት ነው፦ ግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር። የቀሩት አራቱ ደመወዝ እየበሉ ይቀመጣሉ። የሚገርመው የምትበላሸዋ ሁልጊዜ ከሠራተኞቹ አንዷ ናት። የእኔዋ ግራ እግሯ ሰነፈች። ስትጫናት እንደ ረጠበ ዳቦ ትሰምጣለች፤ ስትመለስ ቀስ ብላ ነው።

ድምፁንስ? ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄ ነገር አይደበቅም። ከታች ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ በሌሊት ያን ሁሉ ሽንኩርት የምትከትፈው ለማን ነው?» አሉኝ።

ከሁሉ የባሰው የዋስ ጉዳይ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 እንደ እሷ ባለችው ላይ እምነት የለውም። ኦርጅናሉ ጆይስቲክ በገመድ ከጀርባዋ ካልተሰካ ስምንት ደቂቃ ያህል አጫውቶ ያባርራታል። በሰው አገር ተሠርታ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ መጥታ ዋስ አምጪ ተባለች! እኔ ቢያንስ ለሥራ ስቀጠር ነው የተጠየቅኩት። እናም ከጆይስቲክ ልገላገል ብዬ ገዛኋት፣ አሁን ጆይስቲኩንም ተሸክሜ እሄዳለሁ።

ይሄን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው ስለ ፈረንሳዊው ሉፊ ያነበብኩት። በ2014 ላስ ቬጋስ ላይ ኢቮ የሚባለውን ትልቁን ውድድር በስትሪት ፋይተር አሸነፈ። ስቲክ ካቀፉት መሃል ዋንጫውን የወሰደው በምን ቢሆን ጥሩ ነው? በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ! ለማሙሽ አልነገርኩትም። ለምን ብዬ?

ደግነቱ ሳጥኗ በብሎን ትከፈታለች። የበተኗ ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር ነው፤ የጃፓኑ ሳንዋ በተን ልክ ይገባል። ዘንጉም እንደዚያው። ርካሽ ከሆኑት መሃል ይሄን የምትፈቅደዋ ናት ደህናዋ፤ ገዝተህ ቀስ በቀስ ታሳድጋታለህ። ዘመዳችን አሁንም «ለሥራ» አመጣችልኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ቀየርኩ። ጎማ ገዝቼ ሆዷ ላይ ለጠፍኩ። ክብደት እንዲሆናት የበር ማጠፊያ ብረት ውስጧ ከተትኩ። አትንቀሳቀስም። በተኖቹ ገና ሳትነካቸው ይሰማሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስሸነፍ አንድ ሙሉ ንግግር ነበረኝ። ማገጃው፣ ስዊቹ፣ ግራ እግሯ፣ ዋሱ። የቤቱ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙኝ። አሁን ምን ልበል?

እሑድ ማሙሽ ጋ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ሦስት ለዜሮ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም የሚጠብቀው የእኔን ንግግር ነው።

«አሁንስ ምን ሆነ ጋሼ?» አለኝ።

ስቲኳን ገልብጬ ሆዷን አየሁ። ጎማዋ ይዟል።

«አግዳሚው» አልኩ። «በእኔ በኩል ያዘነብላል።»

ማሙሽ ብድግ አለ። «ይምጡ፣ በእኔ በኩል ይቀመጡ።»

ተለዋወጥን። የሁለቱንም ዙር የከፈልኩት እኔ ነኝ።