ለአንድ ቤት አንድ መስመር

የሕዝብ ቆጣሪ በር አንኳኩቶ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁሉ «በቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚለው ቀላሉ ይመስላል። ዕድሜውን ለመናገር የሚያቅማማ ሰው እንኳ ይህን ቶሎ ይመልሳል። እኔ ግን ከመጠይቁ ከባዱ ይህ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ቤት እናስብ። አያት ከልጃቸው ጋር የሚጨዋወቱት በተወለዱበት ቋንቋ ነው። ልጃቸው ከባሏ ጋር የምትነጋገረው ሁለቱም ካደጉ በኋላ በተማሩት በሌላ ቋንቋ ነው፤ ባል ስልክ አንስቶ እናቱን ሰላም ሲል ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል። ትንሹ ልጅ አያቱ «ና ጫማህን እሰር» ሲሉት አንዲት ቃል አታመልጠውም። «ቆይ» ብሎ የሚመልስላቸው ግን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ነው። ቆጣሪው ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። የሚጻፈውም በሩን የከፈተው ሰው ያለው ነው።

ይህ መልስ ተደምሮ ካርታ ይሆናል፤ ከዚያም የአንድ አገር የባህል ብዝኀነት መለኪያ ተብሎ ይጠቀሳል። አሜሪካን ውሰዱ። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በቤታቸው የሚናገሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ከ23 ሚሊዮን በጥቂቱ ይበልጡ ነበር፤ በ2019 ወደ 68 ሚሊዮን ተጠግተዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ጥያቄው ግን ሦስት ክፍል አለው፦ ሌላ ቋንቋ ትናገራለህ? የትኛውን? እንግሊዝኛስ ምን ያህል ትችላለህ? የቤቱን ቋንቋ ምን ያህል ትችላለህ ብሎ የሚጠይቅ ክፍል የለውም። ከአያቱ አሥር ቃል የቃረመው ወጣትና በዚያው ቋንቋ ቅኔ የሚቀኘው አዛውንት እኩል ይቆጠራሉ። ለመንግሥት ሥራ ይህ ነውር የለውም፤ በ1975 የተሻሻለው የምርጫ መብት ሕግ በየትኞቹ አካባቢዎች የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋም መዘጋጀት እንዳለበት የሚወስነው እንግሊዝኛ ባላወቁ ሰዎች ብዛት ነው። ለአገልግሎት የተሰፋን ልብስ ባህል ላይ ስናለብሰው ነው የሚጠበው።

የስሙ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2011 የሕንድ ቆጠራ ሰዎች «አፍ መፍቻ ቋንቋዬ» ብለው የሰጧቸው ስሞች ከ19 ሺህ በላይ ነበሩ። ባለሙያዎች አጣርተው 1,369 አደረጓቸው፤ ከዚያም 121 ቋንቋዎች በሚል ጠቀለሏቸው። ቦጅፑሪ ተናጋሪ ነን ያሉ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመጨረሻው ሠንጠረዥ በሂንዲ ሥር ገቡ። ከብዙ አገሮች ሕዝብ የሚበልጥ ቁጥር ነው! በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ አገሪቱ ስትፈርስ ሰርቦ-ክሮሺያኛ ይባል የነበረው አንድ ቋንቋ ሰርብኛ፣ ክሮሺያኛ፣ ቦስኒያኛና ሞንቴኔግሮኛ ተባለ። የቤት ወሬው አልተለወጠም፤ በወረቀት ላይ ግን ብዝኀነቱ አራት እጥፍ ሆነ።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆሴፍ ግሪንበርግ ይህ ችግር አልጠፋውም። በ1956 ያቀረበው መለኪያ፣ ከአንድ አገር በዕጣ የወጡ ሁለት ሰዎች ቋንቋቸው የመለያየቱ ዕድል ስንት ነው ብሎ ያሰላል። ከ800 በላይ ቋንቋ በሚነገርባት ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውጤቱ ወደ አንድ ይጠጋል። ነገር ግን በዚህ ስሌት ሊግባቡ የሚችሉ ጎረቤታሞችና ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ልዩነታቸው እኩል ይሆናል። እሱ ራሱ የቋንቋዎቹን መቀራረብ ከግምት የሚያስገባ ሌላ ቀመር ጨምሮበታል፤ ሰው የሚያነሳው ግን ቀላሉን ነው።

ደግሞስ ቋንቋው ከቤት ሲወጣ ባህሉ ተከትሎት ይወጣል ያለው ማን ነው? በአየርላንድ የ2022 ቆጠራ ከትምህርት ቤት ውጪ በየዕለቱ አይሪሽ እንናገራለን ያሉት 72 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ሕዝቡ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ነው። የቀረውን ሕዝብ ባህል የሌለው የሚል ደፋር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ታዲያ ጥያቄው ይቅር? ቤልጅየም አስቀርታዋለች። በዚያ የአንድ ወረዳ የሥራ ቋንቋ በቆጠራው ውጤት ይወሰን ስለነበር ሰው የሚመልሰው የሚናገረውን ሳይሆን የሚመኘውን ሆነ፤ ከ1947 ወዲህ አልተጠየቀም፣ በ1961 ደግሞ በሕግ ተሰረዘ። እኔ ይህን አልመክርም። ከትውልድ ቦታና ከዘር ጥያቄ የቤት ቋንቋ ይሻላል፤ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ይጠይቃልና። ካናዳ በቤት የሚዘወተሩትን ቋንቋዎች ሁሉ ካስቆጠረች በኋላ የበለጠ የሚነገረው የትኛው እንደሆነ ትጠይቃለች፤ በልጅነት መጀመሪያ የተማሩትንም ለብቻው ትይዛለች። አውስትራሊያ በ2021 «ይናገራል» የሚለውን «ይጠቀማል» ብላ በመተካቷ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎችም በጥያቄው ውስጥ ቦታ አገኙ። እነዚህ ትንንሽ ማስተካከያዎች ከብዙ ዲስኩር ይበልጣሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ልጆቹ ለአያታቸው የሚመልሱት በምን ቋንቋ ነው?

ቆጠራ በብዙ አገሮች የሚካሄደው በየአሥር ዓመቱ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ቆጠራ በኋላ በሩን የሚከፍተው ያ ጫማውን ያላሰረው ልጅ ይሆናል። ሳያቅማማ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ አይዋሽምም። አንዱ መስመር ለእሱ ይበቃዋል።